በጋሼ ይርዳው ክንድ የተለካ ቤት

በቢቸና ከተማ የቤት ፕላን በኮምፒውተር የነደፈ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ቢሆንም እውነተኛ ጉራ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው ሙሉቀን ይባላል፤ እኔው ነኝ። የእርሳስ አያያዙን ከአንድ የመንገድ ቀያሽ ጀርባ ቆሜ አየሁ፤ እንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ይዤ ታገልሁት። ዛሬ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ስትሄዱ በግራና በቀኝ ከምታዩዋቸው ቤቶች ግማሹ መጀመሪያ የቆመው በእኔ ወረቀት ላይ ነው። ሌላው ግማሽ እኔ እንዳልነደፍሁት ሲያዩት ያስታውቃል።

ባለፈው ጥምቀት ልጄ ትርንጎ ከደብረ ማርቆስ መጣች። እርሷም ፕላን ትሠራለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው የተማረችው፣ እኔ ግን ሙያው በደም ነው የወረደላት እላለሁ። ላፕቶፗን በረንዳው ላይ ዘርግታ ለክታ የመጣችውን የአንድ የቆየ ቤት ፕላን ትነድፋለች፤ እኔ ከወዲያ ጥግ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልሁ እበላለሁ። ድንገት ጠረጴዛውን መታችው።

«ኧረ ይሄ ማውስ ምን ሆኗል! ቁንጫ ሆነብኝ እኮ፤ እዚህ ስለው እዚያ ይዘላል።»

«ከላይ ካሉት ቁልፎች ዘጠነኛዋን ተጫኚ» አልኋት፤ ቀና እንኳ አላልሁም።

ተጫነች። ማውሱ ረጋ።

«አባዬ! ሳታየው እንዴት አወቅህ?»

«ስናፕ ነው። ያ ነገር አንድ ጊዜ ግድግዳ በልቶብኛል።»

እሸቱ እስኪያልቅ የነገርኋት ታሪክ ይህ ነው።

ያኔ ሠላሳን ተሻግሬ ነበር፤ ግን ሚስት ያላገባ ሰው ዕድሜው ስንት ቢሆን ወጣት ነው። በመናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፕላን ቤት ከፈትሁ። ኮምፒውተሩን ከአዲስ አበባ ያመጣሁት በአይሱዙ ነው። ስክሪኑን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው የዓባይን ጠመዝማዛ ወረድን፣ ወጣን፤ ደጀን ላይ ሹፌሩና ረዳቱ ጥብስ ሲበሉ እኔ ከመኪናው አልወረድሁም። አብሮት የመጣውን መጽሐፍ በክረምቱ ዝናብ ቤት ቁጭ ብዬ ፈጀሁት።

ሦስተኛው ምዕራፍ ግሪድና ስናፕ ስለሚባሉ ነገሮች ነበር። ግሪድ ስክሪኑን በእኩል ርቀት በተደረደሩ ነጥቦች ይሞላዋል። ስናፕ ደግሞ ማውሱ ከነዚያ ነጥቦች ውጭ እንዳያርፍ ያስገድደዋል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጠጠር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል እንጂ ጠርዝ ላይ አይቀመጥም። በዚህኛው ገበጣ ግን ጉድጓዶቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው። እኔ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር አልሁት። ሃምሳ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ያምራል። በምዕራፉ መጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚል ገጽ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ለማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው ብዬ ዘለልሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከሞጣ መጣ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ የድንጋይ ቤት ነበራቸው፤ ግንበኛው ጋሼ ይርዳው ነበሩ። ሐጂ ከላይ ፎቅ ሊጨምሩ ፈለጉ። ፈቃድ የሚሰጠው መሐንዲስ ደግሞ መጀመሪያ የምድሩን ቤት ፕላን አምጡ አላቸው።

ጥር ነበር፤ አውድማው ሁሉ በጤፍ ክምር የተሞላበት ጊዜ። በማለዳው አውቶቡስ አቧራውን እየቃምሁ ሄድሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሴቶች የሽምብራ እሸት በነዶ በነዶ አድርገው በመስኮት ያቀብላሉ፤ አንድ ነዶ ገዝቼ እስከ ሞጣ ጨረስሁት። ዛሬም ያን ጨው ጨው የሚል ልጣጩን ስቀምስ የማስታውሰው የቁጥር ማስታወሻ ደብተሬን ነው።

ቤቱን ስለካ የሜትሩን ጫፍ የያዙልኝ ጋሼ ይርዳው ራሳቸው ነበሩ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጣታቸው በኖራ የነጣ ሰው።

«ይቺን የብረት ምላስ ምን አስጎለጎለህ? እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘመኑ የቁጥር ነው።»

«እኛ ታዲያ በዜማ ኖሯል የገነባን!»

ከአንድ ማዕዘን ጀምሬ እስከ ሌላው ሁሉንም መዘገብሁ። ሲደክመኝ ሐጂ ቅርንፉድ የሸተተው ሻይና ማር የተቀባ ዳቦ አስመጡ። እርሳቸው ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋውን ለየቤታችን ትተን በማሩ ተስማማን። ሻይዬን የጠጣሁት በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ባለው መስኮት፣ ደፉ ላይ ተመቻችቼ ተቀምጬ ነው። ይህችን መቀመጫዬን አትርሱብኝ።

ቢቸና ተመልሼ ሦስት ቀን ነደፍሁ። ማውሱን ደብተሩ ወደሚለው ቦታ ስወስደው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነጥብ ላይ ያርፋል። አልተጨነቅሁም፤ የደቀ መዝሙሩን ዜማ እንደሚያርም መምህር እያረመኝ መሰለኝ። ያንን ያህል የተከበረ ማሽን ከእኔ ደብተር ጋር ይሟገታል እንዴ? አትሜ፣ ጠቅልዬ፣ ሰኞ ሞጣ ገባሁ።

በሐጂ ሱቅ ውስጥ መሐንዲሱ ወረቀቱን በጨርቅ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ንጹሕ። ሐጂና ጋሼ ይርዳው በግራና በቀኝ ቆመዋል። መሐንዲሱ እርሳሱን መካከሉ ላይ አሳረፈ።

«ይህ ግድግዳ ውፍረት የለውም። አንዲት መስመር ብቻ ናት። ፎቁን የሚሸከመው ደግሞ እርሱ ነው።»

ሐጂ በመነጽራቸው ጎንበስ አሉ። «የጓዳው በርስ? ሃምሳ ሳንቲ ይላል። እኔ በዚህ በር ካለፍሁማ ጾሙ ይዞኛል ማለት ነው!» ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። እርሳቸው ሳቁ፤ ሌላ ሰው ግን አልሳቀም።

«በዚህ ወረቀት መሠረት ግድግዳው ፎቅ አይሸከምም፤ ፈርሶ እንደገና መገንባት አለበት» አለ መሐንዲሱ።

«የእኔ ግድግዳ?» አሉ ጋሼ ይርዳው።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም ያልሁት። ኮምፒውተሩ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬን ይሞቀኛል። «ኮምፒውተር አይዋሽም» አልሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«እንግዲያው ሐሙስ መጥቼ የማፍረሻውን ትእዛዝ እጽፋለሁ» ብሎ መሐንዲሱ ወጣ። ጋሼ ይርዳው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ከተማ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያኖሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ግድግዳቸው በአዋጅ ከፈረሰ ማን ደግሞ ግንብ ሥሩልኝ ይላቸዋል?

መናኸሪያ ሄጄ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ «ቢቸና! ደጀን!» እያለ ይጮኻል፤ ሞተሩ ተነሥቷል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከቴርሞሷ ሻይ ቀዳች፤ የቅርንፉዱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በዚያች ሰዓት መቀመጫዬ አስታወሰኝ። ያን ዕለት ሻይዬን የጠጣሁት የት ተቀምጬ ነበር? መካከለኛው ግድግዳ ላይ! ሰው በክር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል? ደብተሬን ገለጥሁ። ግድግዳው በአምስት መቶ ሰባ ስድስት ሳንቲ ይጀምራል፣ በስድስት መቶ ሃያ አራት ያልቃል። ለሁለቱም የሚቀርባቸው ነጥብ ስድስት መቶ ነው። ስናፑ ሁለቱን መስመሮች ጎትቶ አንድ ነጥብ ላይ አስቀምጧቸዋል።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህሁ።

«ወንድሜ፣ ገና አልተነሣንም እኮ!» አለ ረዳቱ።

ጋሼ ይርዳውን ያገኘኋቸው ቤታቸው ደጃፍ መዶሻቸውንና ቱንቢያቸውን በጆንያ ሲከቱ ነው። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ጋሼ፣ ግድግዳዎ ደኅና ነው። ማሽኑ ነው የተሳሳተው።»

«ማሽኑን ማን ነዳው?»

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ደብተሩን ዘረጋሁ። እንደገና ልነድፈው እችላለሁ፤ ግን በምን ርቀት? ነጥቦቹን በአሥር ሳንቲ ባደርጋቸው አንዱን ግድግዳ ያወፍረዋል፣ ሌላውን ያሳሳዋል። በአንድ ሳንቲ ባደርጋቸው እንደ ጤፍ ይጠጋጉና የትኛው ላይ እንዳረፍሁ አላውቅም። ስናፑን ባጠፋውም እጄ መስመሩን አያረጋውም። ቁጥሮቹ ሕግ የሌላቸው መሰሉኝ።

«ለምን በአምስት መቶ ሰባ ስድስት ጀመሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን አምስት መቶ ነው የምትለኝ? አሥራ ሁለት ክንድ ላይ ይጀምራል፣ አሥራ ሦስት ላይ ያልቃል። ሕፃን የሚያውቀው ነገር!» ከጆንያው አንዲት የወይራ በትር መዘዙ፤ ከአያያዝ ብዛት የተወለወለች። «የሠራተኞቹ ክንድ ካንዱ አንዱ ይለያያል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ። ስለዚህ በራሴ ክንድ ወይራ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ከዚህች በትር ውጭ በዚያ ቤት የተቀመጠ ድንጋይ የለም።»

የብረት ምላሴን በበትሯ ላይ ዘረጋሁ። አርባ ስምንት። በጣቴ አቧራው ላይ አባዛሁ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ አርባ ስምንት፣ አምስት መቶ ሰባ ስድስት። አሥራ ሦስት ጊዜ፣ ስድስት መቶ ሃያ አራት። የጓዳውን በር ሞከርሁ፤ ልክ ሁለት ክንድ። ከድንጋዩ ዘልዬ ተነሥቼ ጋሼ ይርዳውን አቀፍኋቸው።

«ልጄ፣ ፀሐይ መታህ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ቢቸና ገብቼ ግሪዱንም ስናፑንም አርባ ስምንት አደረግኋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም እስቃለሁ። ማውሱ መፈንጠሩን ተወ። ደብተሩ ወደሚለው ቦታ ስወስደው ነጥቧ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች። ማዕዘኑ፣ መስኮቱ፣ በሩ፣ ያ ምስኪን ግድግዳ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሦስት ቀን የፈጀብኝ ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ፤ በደስታ ምሳዬንም ረሳሁት።

ሐሙስ ሱቁ ውስጥ አራታችንም ተገናኘን። መሐንዲሱ የማፍረሻውን ወረቀት አውጥቷል። እኔ አዲሱን ፕላን በላዩ ዘረጋሁበት።

«ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነበር?» አለ መሐንዲሱ።

ጋሼ ይርዳው ዓይናቸውን ጣሉብኝ። ቀላሉ መልስ አፌ ላይ ነበር።

«ኮምፒውተሩ ያዘዝሁትን ነው ያደረገው። ነጂው እኔ ነበርሁ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው አይደለም።»

መሐንዲሱ ሜትር ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። መካከለኛውን ግድግዳ ለካ፤ አርባ ስምንት። ሌላውን ለካ፤ አርባ ስምንት። ሐጂ ተከትለውት የጓዳውን በር ሆዳቸውን ሳይነካቸው አልፈው ከወዲያ ማዶ «አልሐምዱ ሊላህ!» አሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ይርዳው ዞሩ። «እኔ ጨርቅ በክንድ ስሸጥ ገበያተኛው ረጅም ክንድ ያለው አጎቱን ይዞ ይመጣብኝ ነበር። እንደዚህ ሰው ያለ አንድ ክንድ ብቻ ቢኖር ኖሮ ስንት ጠብ በቀረልኝ!»

መሐንዲሱ የማፍረሻውን ወረቀት አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ስናፑን ስንት አደረግኸው?»

«አንድ ይርዳው» አልሁት።

ጋሼ ይርዳው ያን ጊዜ ሳቁ፤ ሰውነታቸው ሁሉ ነው የሚስቀው። ሰኞ ሳይጨርሱት የሄዱትን ሻይ ሐጂ እንደገና ቀዱላቸው።

ፎቁ ያለቀ ዕለት ጋሼ ይርዳው የወይራ በትራቸውን ሰጡኝ፤ «እንግዲህ ሜትር ገዝቻለሁ» አሉኝ። እርሳቸው ዐርፈዋል፤ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ታችም ላይም ሰው ይኖርበታል። በትሯ በረንዳዬ ላይ ተሰቅላለች። ትርንጎ ታሪኩን ስጨርስ ተነሥታ አወረደቻትና ጫፏን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ላፕቶፗ ጋ ተመልሳ «ይህን ቤት የገነባው ሰው ማን እንደሆነ ልጠይቅ» አለች። ያን ስትል የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በከንቱ እንዳልቀረ አወቅሁ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ልቁጠር። ሰው ያላስተማረኝን ማሽን ነዳሁ። የጠፋ ግድግዳ መልሼ አቆምሁ፣ ያውም ድንጋይ ሳልነካ። የሐጂ ሰይድን በር አሰፋሁ። በዓለም ላይ ማንም ያልተጠቀመበትን ርቀት፣ አንድ ይርዳውን፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ። መሐንዲስ ጠየቀኝ፣ መለስሁለት። ደግሞም በሦስት ሰው ፊት ተሳስቻለሁ አልሁ። ይህን የመጨረሻውን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልሠራሁትም፤ ያን ዕለት ግን አሳምሬ ሠርቼዋለሁ።