የመቀሴ ጥርስ

ባልና ሚስት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ሁለት የስፌት ማሽን ጎን ለጎን፣ አንድ መስኮት፣ አንድ መቀስ። መቀሱ እሱ ዘንድ ነው፤ ቆራጩ እሱ ነዋ! እሷ ደግሞ ትሰፋና ክሩን በላይኛው የፊት ጥርሷ ቀጭ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ቀና እንኳ ሳይል «መቀሴ!» ይላታል። «አቤት!» ትላለች። ሌላ ነገር የለውም፣ ጨዋታቸው ይኸው ነው። ደንበኛው የምር የተጠራች መስሎት ዞር ሲል እነሱ ይስቃሉ። ተኳርፈው በዋሉበት ቀን እንኳ ክሩ ቀጭ ካለ «መቀሴ» ማለቱ አይቀርም፤ እሷም ፊቷን እንዳጠቆረች «አቤት» ትላለች፤ ኩርፊያው እዚያው ያልቃል። ሰፈሩም የወጣላትን ስም ረስቶ መቀሴ ብሏት ቀረ።

እሱ ሞተ። መቀሱን ከማሽኑ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። አዲስ ልብስ መቁረጡን ትታ ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ያዘች፤ ስፌት ለመፍታት ምላጭ ይበቃታል። ክሩን እንደ ወትሮው በጥርሷ። ቀጭ ባለ ቁጥር ወደ ግራዋ፣ ወደ ባሏ ወንበር ታያለች። ምን ታድርግ፣ ይናፍቃታላ!

ዓመት ሳይሞላ ያ ጥርስ ከሥሩ ተሰንጥቆ ተነቀለ። ዕድሜ ልኩን ክር ሲቆርጥ ጫፉ ጎድጉዶ ነበርና ማንንም አልገረመም። እሷ ግን ባሏን ዳግመኛ የቀበረች ያህል አለቀሰች።

«ለአንድ ጥርስ?» አለቻት ልጇ።

«አዎ፣ ለአንድ ጥርስ!» ብላ ተቆጣች። ያለ ጥርሷ መቀሴ ምኑን መቀሴ ናት?

ልጇም እያባበለች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በመቀሴ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ትንሽ ብሎን ተከለችና ላዩ ላይ ጊዜያዊ ጥርስ ገጠመችላት።

«እማማ፣ ይሄ ለፈገግታ ብቻ ነው፤ እንዳይነክሱበት። የላይኛው መንጋጋ አጥንት እንደ ታችኛው ጠጣር አይደለም፣ ሳሳ ይላል። ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ጫና ካረፈበት ይነቃነቃል፤ የሚነቃነቅ ነገር ደግሞ አጥንቱ አይቀበልም። ዋናውን ጥርስ የማስርልዎ ሲጠብቅ ነው።»

«ስስ ጨርቅ ላይ እንደተሰፋ ቁልፍ በይኛ፤ ቶሎ ከሳቡት ጨርቁን ይዞ ይመጣል።»

«ልክ እንደዚያ።»

ገብቷት ነበር። ልቧን ያሸፈተው ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ነው። እሱ ታችኛው መንጋጋው ላይ አስተክሎ ብዙም ሳይቆይ አጥንት መጋጥ ጀምሯል፤ በሯ ላይ ቆሞ ጥርሱን በጣቱ እየመታ ያሳያታል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቶሎ ነው የበላሁበት! ያቺ ልጅ በከንቱ እያመላለሰችሽ ነው።»

«የእኔ የላይኛው ነዋ።»

«ላይኛው ምን ሆነ? ፎቅ ነው?»

ሳቀች፤ ግን ነገሩ ውስጧ ቀረ። አንድ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም እያሳጠረች ነው። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የባሏ ወንበር ላይ አርፋለች። በሐሳብ ጭልጥ አለች፤ እጇ ክሩን ይዞ ወደ አፏ ሄደ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ አይደል? ነክሳ ሳብ አደረገችው። ቀጭ አላለም። ድዷ ውስጥ አንድ ነገር ፈቀቅ አለ። ክሩን ጥላ ልጇ ጋ ደወለች።

ሐኪሟ ጊዜያዊውን ጥርስ አወለቀች፤ ብሎኑን በመሣሪያዋ ስትለካ ፊቷ ተለወጠ። «ትንሽ ላልቷል። ላዩ ላይ ምንም ሳናስር እንተወውና እናያለን። ከያዘ ያዘ፤ ካልያዘ ይወጣል። ደግሜ እዚያው መትከል መቻሌን እንጃ።»

መኪና ውስጥ ልጇ ጮኸችባት። «መቀስ አጥተሽ ነው እማዬ? ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎልሽ!»

«እሱ የአባትሽ ነው።»

ልጅቱ መኪናውን ዳር አቆመችና ሁለቱም ተላቀሱ።

በማግስቱ መቀሱን አወረደችው። እጀታው ላይ ባሏ አውራ ጣቱን እንዳይልጠው የጠመጠመው ጨርቅ በላቡ ጠቁሯል፤ የእሷ ጣት ሲገባበት ሰፋት። «ተዋስኩህ እንጂ አልወሰድኩብህም» አለችው። ከዚያ በኋላ ክሩን ሁሉ በእሱ ቆረጠች፤ ሲመሽ ወደ ሚስማሩ ትመልሰዋለች። ወራት አለፉ። ሰው ሲያስቃት አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጫማ ሰፊውም አፍሮ ጥርሱን መምታቱን ተወ።

በመጨረሻ ሐኪሟ ለካችና እሷው ቀድማ እልል አለች። «ይዟል እማማ! አጥንቱ ግጥም አድርጎ ይዞታል!» ዋናው ጥርስ ታሰረ። «ዳቦም ሥጋም ይብሉበት። ክር ግን በሕይወትዎ!»

«ምን ቆርጦኝ!» አለች መቀሴ።

ዋሸች። ሱቋ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች፤ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ አንድ እጅጌ ሰፋች። አንዴ ብቻ፣ ለራሴ፣ አለች በልቧ። ክሩን በአዲሱ ጥርስ ያዘችው።

ቀጭ!

ጥርሱ ንቅንቅ አላለም።

«አቤት!» አለች መቀሴ።

ማንም አልጠራትም ነበር። ወደ ግራዋ ዞራ ወንበሩን አየችው፤ እንባዋ እጅጌው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ተነስታ መቀሱን ከሚስማሩ አወረደችና የቀሩትን ክሮች ቆረጠች።