የሞተሩ ብርጭቆ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ጁስ መምቻ ተቃጠለ። ሳሎን ቁጭ ብዬ ሽታው በመስኮት ገባብኝ። የተቃጠለ የመዳብ ሽቦ ሽታ ታውቀዋለህ? ላስቲክም አይደል፣ ፀጉርም አይደል። ጣፋጭ ነገር አለበት፤ እሱ ጣፋጩ ነው ምላስ ላይ ተለጥፎ አልወርድም የሚለው። ኤጭ! ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁና ምራቄን ልተፋ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። ሌላው ሰው ወጣትነቱን በአበባ ሽታ ያስታውስ ይሆናል። እኔን ጁባን የሚያስታውሰኝ ይኸው ነው።

ጁባ የወሰደችኝ አክስቴ ናት። ንያኩሮን በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ነበራት፤ ዕቃ እንዳመላልስላት ነበር የፈለገችኝ። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2009 በጋ ነው። ሙቀቱን ተወው፣ ስለሱ ያላወራ የለም። እኔን የፈጀኝ አቧራው ነበር። ላብ ላይ ሲያርፍ ይቦካል፤ አንገትህን ስታሸው እንደ ሊጥ እየተጠቀለለ ይወጣል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ተጸያፊ ነኝ፣ ዝንብ በሩቁ ያየችውን ምግብ አልበላም። እንዲህ ያለው ሰው ምን ሲሠራ ቢውል ጥሩ ነው? የልጆች መጫወቻ መኪና ሆድ እየከፈተ ሞተር ማጽዳት!

በሪሞት የሚነዱት መኪኖች ያኔ የደህና ቤት ልጅ ሁሉ እጅ ላይ ነበሩ። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ተገዝተው ይመጣሉ፣ ጥቂት ቀን ይፈነጫሉ፣ ከዚያ አቧራው ሞተራቸው ውስጥ ይገባና ቀጥ ይላሉ። በምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ከጀነሬተሩ ጎን፣ እኔና ጓደኛዬ አንድ ጠረጴዛ ነበረችን። ሾፌሮች የአለቆቻቸውን ልጆች መኪና ይዘው ምሳ ሊበሉ ሲመጡ ለእኛ ጥለውልን ይገባሉ።

ጓደኛዬ የአገሩ ልጅ ነው፣ ደቡብ ሱዳናዊ። ግን ተወልዶ ያደገው ጋምቤላ፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው ጎርምሶ ነው። አማርኛው ከኔ ይሻላል ብልህ ማጋነን እንዳይመስልህ። ይተርታል፣ ይሳደባል፣ ሲደነግጥ «በስመአብ!» ይላል። «በናቴ ቋንቋ ሳወራ አክስቶቼ ይስቁብኛል» ይለኝ ነበር፤ «እዚህ መጥቼ ካንተ ጋር ስለፈልፍ ነው አፌ የሚፈታው።» ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ አንዲት የኮንቴይነር ሱቅ አብረን ለመክፈት ተስማምተን ነበር። በዚያ ከተማ ከሱ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ ከዚያች ሱቅ ሌላም ተስፋ አልነበረኝም።

ከሞተሮቹ ውስጥ የሚወጣውን ጉድ ልንገርህ? ሞተሯ የአውራ ጣት ታክላለች። የቆርቆሮ ክዳኗን በቢላ ጫፍ ፈልቅቀህ ስትከፍት ከውስጥ ያልጠበቅኸው ነገር ይጠብቅሃል። ከፀጉር ቤት አካባቢ የመጣች ከሆነ ዘንጓ ላይ የሹሩባ ፀጉር ተጠምጥሞ፣ ከቅባት ጋር ተጋግሮ፣ በመቀስ ካልሆነ አይለቅም። የባትሪ ማስቀመጫዋ ውስጥ በረሮ እንቁላል ጥላ ታገኛለህ። ከሁሉ የከፋው ግን ዘይት ነው። ጎማው ሲከብድ የምግብ ዘይት ያጠጧታል፤ «ዘይት ስትጠጣ ትሮጣለች» አለኝ አንዱ ሾፌር በኩራት! ዘይቱ ከአቧራው ጋር ይቦካል፣ ይሻግታል፣ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ከመዳብ ሽቦው ጋር አብሮ ይጠበሳል። አፍንጫዬን ይዤ እሸሻለሁ። ጓደኛዬ ይስቅብኛል፤ «አንተ ሐኪም ብትሆን ኖሮ በሽተኛው አንተን ተሸክሞ ነበር የሚወጣው» እያለ ያሾፍብኛል።

ሮተሩን፣ ሽቦ የተጠመጠመበትን ተሽከርካሪ፣ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጽድተን፣ እሱን እየነካ መብራት የሚያቀብለውን ያለቀ ካርቦን ስንቀይር፣ አዲሱ ካርቦን እስኪለምድ ሞተሯን ውኃ ውስጥ እናስነሳታለን። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ትነክራትና በሁለት ድንጋይ ባትሪ ታሽከረክራታለህ። ካርቦኑ እየተሞረደ ልክ ይሆናል፣ ውኃው ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ከዚያ አውጥተህ ታደርቃትና የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ታደርግላታለህ። ለዚህ ሥራ አክስቴ አንዲት ብርጭቆ ሰጥታን ነበር። ቂጧ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ተደርጎባታል። «ይቺን ብቻ! ሌላ ብርጭቆዬን ብትነኩ ወየውላችሁ» አለችን። ልክ ናት አልኩ። እኔም በዚያ ጥቁር ውኃ ብርጭቆ ሰው እንዲጠጣ አልፈልግም።

አንድ ከሰዓት ግን ከጠዋት የተረፈ ሞተር ነበረንና ብርጭቆዋን ብፈልጋት ጠረጴዛው ላይ የለችም። ፍለጋ ወጥ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ለሁለታችን ሻይ እየቀዳች ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። አንዱን ብርጭቆ ልትጠርገው ከፍ ስታደርገው ቀዩን ነጥብ አየሁት።

«አንቺ! ይቺ የሞተሩ አይደለችም እንዴ?»

«የሱ ናት» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

«የማን?»

«የጓደኛህ ነዋ! እትዬ ናቸው ምልክት ያደረጉባት። ከመጀመሪያውም የሱ ናት። ለሞተሩ የሰጧችሁ በኋላ ነው።»

ገባህ? እኔ ቶሎ አልገባኝም። አክስቴ ብርጭቆዋን ከሌሎቹ የለየቻት እሱ ስለሚጠጣባት ነው። ሞተር ማጠቢያ ስንጠይቃት ደግሞ ያችኑ አነሳች፤ በሷ ቤት አንዴ የረከሰች ናታ! ሌላ ብርጭቆ ለምን ታረክሳለች? እኛ ጠዋት ጥቁሩን እጣቢ እንደፋለን፣ ከሰዓት እሱ ሻይ ይጠጣባታል። ብርጭቆዋን ከልጅቷ እጅ ተቀብዬ ወደ ብርሃን አዞርኳት። ታችኛው ጠርዟ ላይ ግራጫ ክብ አለ፣ በጣት ቢያሹት የማይለቅ። ከጀነሬተሩ ኋላ ሄጄ ምሳዬን አወጣሁት። ያ ሁሉ ፀጉር፣ ያ ሁሉ በረሮ አንድም ቀን አላስመለሰኝም ነበር።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ትጾማለች፣ ትመጸውታለች፣ በበዓል እሱን ጠርታ አብልታ «ብላ እንጂ የኔ ልጅ» ትለዋለች። ሽንኩርት እየላጠች አገኘኋትና አፈረጥኩት።

«እኔ ጠልቼው ነው? እወደዋለሁ! ግን ሀበሻ ደንበኛ አለኝ፣ የሰው አፍ አለ። ደግሞ በሳሙና ትታጠባለች እኮ!»

«በሳሙና ከታጠበች ቀዩ ነጥብ ምን ይሠራል?»

ቢላዋን አስቀመጠች። ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተው አንተ ልጅ፣ ዝም አይነቅዝም። አሁን ይሄን ሄደህ ብትነግረው ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ።

ቋቅ አለኝ። በሷም፣ በሻዩም፣ በዚያ ወጥ ቤት ንጽሕናም ቋቅ አለኝ። ለእንግዳ ከሚወጡት ባለ ወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች ሁለት አንስቼ፣ ሻዩን ራሴ ቀድቼ ወጣሁ።

ጓደኛዬ አንዲት ሞተር እየገጠመ ነበር። ብርጭቆውን ተቀበለኝ፣ ወርቁን ጠርዝ አየ፣ «ዛሬ ማን ሊያገባ ነው?» አለኝ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ብርጭቆውን ከዓይኑ በላይ ከፍ አደረገና ቂጡን ተመለከተ። ነጥብ እየፈለገ ነው! እኔ የዛሬን ብቻ አይቼ የተንገፈገፍኩበትን ነገር እሱ ሲያውቀው ኖሯል።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አክስቴን ሰደብኩ፣ ቤቱን ሰደብኩ፣ እንዲያውም አለቀስኩ። ሞተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሻዩ ብረት ብረት ይላል እኮ» አለኝ። ቀጠለና «አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«የት ሄጄ አማርኛ ላውራ?»

ምን ትለዋለህ እንዲህ ያለውን ሰው? ከነገ ጀምሮ ከኔ ብርጭቆ ትጠጣለህ፣ አለዚያ ሁለታችንም አንጠጣም፣ ሱቃችንን ቶሎ እንከፍታለን እያልኩ ቀባጠርኩ። ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ እስካላየህ ድረስ እችለው ነበር» አለኝ። «አሁን በጠጣሁ ቁጥር ታየኛለህ።»

ሞተሯን ገጠመ፣ መኪናዋን መሬት ላይ አስነድቶ ሞከራት፣ ለሾፌሩ አስረከበ። እጁን ታጥቦ እንደ ሁልጊዜው ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ተለያየን። ሻዩ አልተነካም ነበር፣ ዝንብ ገባበት። በማግስቱ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ስልክ ስደውልለት «እየመጣሁ ነው» ይላል፣ ሳቁም ያው ሳቅ ነው፣ ግን አይመጣም። እኔ ብቻዬን ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ ሞካከርኩ። ከዚያ መፍቻዎቹን ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ወረወርኳቸው። ብርጭቆ በሰጡኝ ቁጥር ቂጡን አያለሁ፣ እስከ ዛሬ አያለሁ፤ ባለቤቴ የንጽሕና አመል ይመስላታል።

ወደ አገሬ ልመለስ ስሰናዳ ሻንጣ ልገዛ ኮንዮ ኮንዮ ሄድኩ። ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተጋፋሁ ሳልፍ፣ አንዲት የኮንቴይነር ሱቅ ደጃፍ ላይ መጫወቻ መኪኖች ሆዳቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል። ጓደኛዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከአንዲት ሞተር ዘንግ ላይ ፀጉር በመቀስ ይቆርጣል። ሱቋን ከፍቷታል! ሰው እየገፈታተርኩ ሄጄ በአማርኛ «ወንድሜ! እንዴት ነህ?» አልኩት።

ቀና አለ። ፈገግታው መልካም ነበር፣ ለደንበኛ የሚሰጠው ዓይነት። ከዚያ ቦዳቦዳ የሚባለው የጁባ ሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂ ሁሉ መንገድ ላይ ያየውን የኛን አገር ሰው ሰላም በሚልበት በዚያው በጁባ ዓረብኛ፣ ሰላም ነው አንተ ሀበሻ፣ ደህና? እንደማለት፣ መለሰልኝ።

«ኬፍ ያ ሀበሻ፣ ታማም?»

«ታማም» አልኩት እኔም።