ሙሽራዋን የዋጠው የብረት በር

እስቲ ይሄን ስሙኝ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ እኛም ሆዳችንን እስኪያመን ስቀንበታል። ግን እስከ መጨረሻው ሳትሰሙኝ እንዳትሄዱ፤ መጨረሻ ላይ የምጠይቀው ሰው አለኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ እህቴ አስቴር ያገባች ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የብረት በር ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሳቄም ይመጣል፣ ንዴቴም ይመጣል። የቱ እንደሚቀድም እኔም አላውቀውም።

እኔ ሀበሻ ከሚነግድበት ከጀፕ ዕቃ እየጫንኩ፣ ሎኬሽን በሚሏቸው የከተማ ዳር የጥቁሮች ሰፈሮች ላሉ የሀበሻ ሱቆች የማደርስ ሹፌር ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ነው የተውኩት። የምኖረው ዱርንፎንቴን፣ በኮምፔንሳቶ በተከፋፈለ ክፍል ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው ይማርህ የምለው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

አስቴር ወደዚህ ሀገር የመጣችው በመንገድ፣ በደላላ ነው። የመጨረሻውን ድንበር ያለፈችው የዕቃ መኪና ውስጥ፣ ከውጪ ተቆልፎባት ነው። ስለሱ አታወራም። ግን ከዚያ ወዲህ ሊፍት አትገባም፣ ክረምትም ቢሆን መስኮት ሳይከፈት አትተኛም፣ ሽንት ቤት እንኳን በሩን ገርበብ አድርጋ ነው። የተቀበልኳት ቀን "ከእንግዲህ ማንም በር አይዘጋብሽም" ብያታለሁ። እኔ ብዙ ነገር እናገራለሁ፣ ይሄን ግን ከልቤ ነው ያልኩት።

ሙሽራው ኤርሚያስ ይባላል። እንደኛው የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ሶዌቶ ሱቅ አለው። ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ አፌ ስለማያርፍ ዝምተኛ ሰው ብዙም አይዋጥልኝም። ምን እያሰበ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?

እማዬ ከሆሳዕና ደውላ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችን።

"በሩን ዝጉበት። ልጄን እንደ ዕቃ ዝም ብላችሁ እንዳታስረክቡ። ሲለምን በቪዲዮ ልየው።"

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። የሙሽራዋ ወገን በር ዘግቶ ሰርገኛ አናስገባም ይላል፣ የሙሽራው ወገን ደጅ ቆሞ እያዜመ ይለምናል። አስቴር የተከራየችው ሜይፌር የሚባል ሰፈር ነው፤ እዚያ ግን ምኑን ትዘጋዋለህ? የግቢው ባለቤት ጩኸት አልፈልግም ብሏል። በሩም በሪሞት ነው የሚከፈተው። ኤርሚያስ መጣ፣ ጥሩምባ ነፋ፣ ዘበኛው ከፈተለት፣ አስቴር ወረደች። አለቀ። ፒዛ የሚያመላልስ ልጅ እንኳን ከሱ በላይ ደጅ ይቆማል።

አስቴር መኪና ውስጥ ዞር ብላ "እማዬን ምን ልላት ነው?" አለችኝ። ዓይኗ ሞልቷል።

ይሄን የሰማው ሙሌ ነው። ሙሌ ቪዲዮ የሚቀርጸን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ጀፕ ላይ ስቱዲዮ አለው። ከቤተክርስቲያን ወጥተን አዳራሽ እስክንገባ ፎቶ የምንነሳበት ሰዓት ነበር።

"ያ ያሳየኸኝ የወታደር ከተማ የት ነበር?" አለኝ። "እዚያ በር አይጠፋም። በር ላሳይህ እኔ።"

ከከተማ ወጥታችሁ፣ እኔ ዕቃ የማደርስበት ሎኬሽን ሳትደርሱ፣ የባሕር ዛፍ ጫካ አለ። ከመንገድ ስታዩት ጫካ ብቻ ነው። ከኋላው ግን ሙሉ ከተማ አለ። በአፓርታይድ ጊዜ የነጮቹ ጦር በምስጢር ሠርቶት፣ በኋላ ጥሎት የሄደ ነው። የሎኬሽን ሽማግሌዎች ያኔ ወደዚያ ዞሮ ማየት ራሱ ያሳስር ነበር ይላሉ። ስልኬ ላይ ካርታ ስከፍት ዛሬም ባዶ ቦታ ነው።

በሪባን ያጌጡ መኪኖቻችንን ይዘን በዛገው አጥር መሐል ገባን። ዘበኛ የለ፣ ከልካይ የለ።

መንገዶቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። አስፋልቱን ሣር ሰንጥቆታል። መዋኛ ገንዳው ውስጥ ሸንበቆ በቅሏል፣ እንቁራሪት ይጮሃል። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የልጆች ኮት መስቀያ በልጅ ቁመት ተሰልፏል። አንድ ሱቅም አለ፣ መደርደሪያው እንዳለ ነው። ኤርሚያስ ገብቶ በጣቱ አቧራውን ነካ ነካ አደረገና "ስኳሩን እዚህ ጋ፣ ዳቦውን በር አጠገብ" አለ። በሰርጉ ቀን ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ይሄ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቤቶቹ። ቤት ነው የምላችሁ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ ከፊቱ የአትክልት ቦታ። ረድፉ አያልቅም። የብዙዎቹ ጣሪያ ተነቅሏል፣ ግድግዳው ግን ከኔ ዕድሜ በላይ ይቆያል። እኔ በኮምፔንሳቶ ጀርባ የሰው ማንኮራፋት እየሰማሁ ነው የማድረው። ደሜ ፈላ። ሙሌ "ፊትህን ፍታው፣ ቪዲዮ ላይ የቀብር ታስመስለዋለህ" አለኝ።

አንድ ትልቅ ክፍል ግድግዳ ላይ የአፍሪካ ካርታ ተስሏል። ከላይ ወደ ታች፣ ወደዚህ ሀገር የሚወርዱ ቀያይ ቀስቶች አሉት። ከጎኑ ደግሞ ወታደር ለይቶ እንዲያውቃቸው የጠላት ታንኮች በጥቁር ተሥለዋል፣ በላያቸው ቀይ ኮከብ። ታንኩን ሳየው አወቅኩት። አገራችን መንገድ ዳር ተቃጥሎ ቆሞ፣ ልጅ ሆነን ሸርተቴ የተጫወትንበት የራሺያ ታንክ ነው።

አባታችን በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፣ ራሺያኖች ናቸው ያሰለጠኑት። እስከዛሬ በጣም ሲናደድ በራሺያኛ ነው የሚሳደበው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ የሠሩት የአባቴ ብጤ ይመጣብናል ብለው ነው። አባቴ ደግሞ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።

"ቢዘገይም መጣንላችሁ" አልኩት ካርታውን። "በሱፍና በቬሎ።"

አስቴር ሳቀች። ያን ቀን ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ከተማው ጫፍ ላይ ጉብታ አለ። ጉብታው ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ መደበቂያ አለ፣ በሩ እንደ ክንድ የወፈረ ብረት ነው፣ ገርበብ ብሏል። ሙሌ ሲያየው ካሜራውን ሊስመው ደረሰ።

"በቃ ይሄ ነው። የሙሽራዋ ወገን ውስጥ፣ የሙሽራው ወገን ውጪ። እናትሽ እንዲህ ያለ በር አይታ አታውቅም።"

አስቴር አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። "እኔ አልገባም።"

"አይዘጋም" አልኳት። "ድንጋይ እናደርጋለን። እኔም አጠገብሽ ነኝ።"

በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ለእማዬ ስል ነው" አለችና ቬሎዋን ሰብስባ ገባች። እኔ ገባሁ፣ ሁለቱ ሚዜዎቿ ሳራና ቤቲ ገቡ። በሩ ስር ድንጋይ አስቀመጥን። የሴቶቹ ስልክ መኪና ውስጥ ነው፣ ቀሚሳቸው ኪስ የለውም። የኔን ስልክ ደግሞ ሙሌ ወስዶ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው፣ መዝሙሩ ያለው እኔ ስልክ ላይ ነዋ።

ውጪ ጭብጨባው ተጀመረ። እኛም በስንጥቁ "አናስገባም፣ ሂዱ፣ ሌላ ቤት ፈልጉ" እንላለን። ደስ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሙሌ ነው "ትንሽ ጠበብ አድርጉት፣ ብርሃኑ አስቸገረኝ" ያለው። ቤቲ በአንድ እጇ ነካ ብቻ ነው ያደረገችው። ለካ መሬቱ ቁልቁለት ነው፣ ለካ ድንጋይ ያልነውም የበሰበሰ ጡብ ኖሯል። ጡቡ ብስኩት ሆነ። በሩ በራሱ ክብደት ሄዶ ድም አለ።

ጨለማ። እጄን ሳያት አላያትም።

በሩን ዳበስኩት። እጀታው ተነቅሏል፣ ቀዳዳው ብቻ ነው የቀረው። ብረት ለቃሚ ሽጦታል። በጡጫ ደበደብኩት። "ክፈቱ፣ የእውነት ተዘግቷል" ብዬ ጮህኩ።

ውጪ ያሉት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ደስ አላቸው። እኔ ድም ድም ሳደርግ እነሱም ድም ድም ያደርጋሉ፣ በእኔ ምት ያጨበጭባሉ። እኔ በጮህኩ ቁጥር ዜማው ይጨምራል። በገዛ ስልኬ መዝሙር ድምፄን ሸፈኑት።

የአስቴር እጅ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ጥፍሯ ሱፉን አልፎ ገባ። ትንፋሿ አጭር አጭር ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ አልሰማህ አለኝ። ዛሬ ሰርግ የለም፣ እህቴን በገዛ አፌ አግባብቼ ያ የዕቃ መኪና ውስጥ መልሼ ከተትኳት አልኩ በልቤ።

ያለኝ አፌ ብቻ ነው። ለፈለፍኩ። "አስቱ፣ አባባ አሁን እዚህ ቢሆን እኮ በሩን በራሺያኛ ይሰድበው ነበር። በሩም ይገባዋል፣ የተሠራው ለሱ ነው። 'ጓድ በር፣ ተከፈት' ይለው ነበር።" ጥፍሯ አልላላም። "ኤርሚያስ ደግሞ አሁን ምን እያለ ይመስልሻል? ስኳሩን እዚህ ጋ ነው የሚለው።" በአፍንጫዋ ትንሽ አየር ወጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም፣ ግን ተነፈሰች።

ያን ጊዜ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ጠላ ጠላ የሚል።

ከኋላችን፣ ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ብርሃን መጣ። ሻማ የያዘች አሮጊት ብቅ አለች። እሷ ያየችው ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሰ ነገር ጨለማ ውስጥ ቆሞ ነው። "ሃው" አለችና የያዘችውን ትልቅ ጭልፋ ጣለች። ሳራና ቤቲ በኢየሱስ ስም ውጣ ብለው መገሰጽ ጀመሩ። አሮጊቷም በዙሉኛ በኢየሱስ ስም እኛን መገሰጽ ጀመረች። ሁለቱም ወገን አንዱ አንዱን ሊያስወጣ ይጸልያል፣ የሚወጣ ግን የለም።

መጀመሪያ የነቃችው እሷ ናት። ሻማውን ወደ አስቴር ፊት አስጠጋችና "ማኮቲ?" አለች። በነሱ ቋንቋ ሙሽራ ማለት ነው።

"ዬቦ ማማ፣ ማኮቲ" አልኩ። አዎ እናቴ፣ ሙሽራ ናት ማለቴ ነው።

ሌላ አልጠየቀችም፣ ጭልፋዋን አንስታ ብብቷ ስር ከተተች። የአስቴርን እጅ ያዘችና "ነይ፣ ወታደር መሸሻ ሳያበጅ አይደበቅም" አለቻት በእንግሊዝኛ። ጠባብ መተላለፊያ ነው። መሐል ላይ የማሽላ ጠላ የጠመቀችባቸው ትልልቅ በርሜሎች አሉ፤ ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ነው የምትጠምቀው። ከዚያ አንድ ትንሽ በር፣ ከዚያ ፀሐይ።

አስቴር ሣሩ ላይ ዘፍ አለች፣ በነቬሎዋ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ታሻሻታለች። ማማ ኖምሳ ትባላለች። ጣሪያ ካልተነቀለላቸው ቤቶች አንዱ ውስጥ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ጥቂት ቤተሰቦች አሉ እዚያ። እኛ ባዶ ነው ብለን የሰው መንደር ውስጥ ሳናንኳኳ ነው የገባነው።

ከጉብታው ወዲያ ማዶ ዜማው አላቆመም። ወደ አናቱ ወጥተን ቁልቁል አየን።

ኤርሚያስ በሩ ፊት ተንበርክኳል። ላቡ አንገቱ ድረስ ወርዷል። ያ ዝምተኛ ሰው ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ "አስቱዬ ክፈቺልኝ፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪኝ፣ ያለ አንቺ አልመለስም" ይላል። ባዶ ጉድጓድ ነው የሚለምነው።

አስቴር አየችው። አፏን በአበባዋ ሸፈነች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ደነገጥኩ፣ ሳቅ ነው። እንባዋ እስኪፈስ፣ ኩሏ እስኪበላሽ ሳቀች።

ልጠራቸው አፌን ስከፍት ማማ ኖምሳ ክንዴን ያዘችኝ። "ተው ቡቲ፣ ተው ወንድሜ፣ ይለምን እንጂ። እኛም ጋ የሙሽራው ሰዎች ከአጥር ውጪ ቆመው የአባቶቻቸውን ስም እየጠሩ ነው የሚጮኹት። ቶሎ የተከፈተለት ሰው ሚስቱን አያከብርም።" ከዚያ ዙሪያዋን አየች። "እናቷ የታለች?"

"አገር ቤት ናት።"

ማማ ኖምሳ ሽርጧን ፈታ ለኔ ሰጠችኝ። ሻሿን እንደገና አሰረች። ጭልፋዋን እንደ ከዘራ ይዛ ጉብታውን ዞረችና በሩና ኤርሚያስ መሐል ገብታ ቆመች። ጭብጨባው ቀጥ አለ።

"የልጅቷ እናት እኔ ነኝ" አለች። "አንተ የማን ልጅ ነህ? አባቶችህን ጥራ።"

ኤርሚያስ ግራ ገባው፣ ግን ጥያቄውን ያውቀዋል። እኛም አገር ሳንጋባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ቆመ፣ ኮቱን ቆለፈ። "ኤርሚያስ ነኝ። የላምቦሬ ልጅ። ላምቦሬ የኤርጋኖ፣ ኤርጋኖ የሄራሞ..." እያለ ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ማማ ኖምሳ እልል አለች፣ የነሱም እልልታ እንደኛው ነው፣ በጭልፋዋም ወደ ጉብታው አናት ጠቆመች።

ኤርሚያስ ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ከዚያ ዞሮ የብረቱን በር አየ።

"እንዴ፣ ውስጥ ያለው ማነው ታዲያ?" አለ።

ሙሌ ሲስቅ ካሜራው ተንቀጥቅጦ የዚህ ቦታ ቪዲዮ ተበላሽቷል። ይበለው።

አዳራሽ አርፍደን ገባን። የእናት ወንበር ላይ ማማ ኖምሳ ተቀመጠች። እኛ ፔንጤዎች ስለሆንን ጠላዋን አልጠጣንላትም፤ "ለኔ ይተርፋል" አለች። እማዬ ቪዲዮውን አይታ "ያቺ ባለ ጭልፋ ማናት? እንዴት ጥሩ አድርጋ ከለከለችልኝ" አለች። አሁን በስልክ ይጨዋወታሉ፣ አንዷ በሀዲይኛ ሌላዋ በዙሉኛ። እንዴት እንደሚግባቡ አትጠይቁኝ።

አስቴር ሊፍት ዛሬም አትገባም። ቪዲዮውን ግን እየደጋገመች ታያለች፣ በሩ የሚዘጋበት ጋ ስትደርስ ብቻ ታሳልፈዋለች። እኔም ያን ቀን ሳስበው ደስ ይለኛል። ኤርሚያስም ተዋጠልኝ።

ንዴቴ ይኼውላችሁ። ባለፈው ዕቃ አድርሼ ስመለስ ማማ ኖምሳን ልጠይቅ ጎራ አልኩ። የመንግሥት ሰዎች መጥተው የጦር ቦታ ነው፣ አደገኛ ነው፣ ልቀቁ ብለዋታል። በሯ ላይ ቀይ ቀለም ኤክስ አድርገውበታል። የጉድጓዱን የኋላ በር በብየዳ ዘግተውታል። እህቴ የወጣችበትን በር። የፊተኛው የብረት በር ግን ዛሬም እጀታ የለውም፣ ከውጪ ተከፍቶ እንደገና ገርበብ ብሎ ሰው ይጠብቃል።

እንግዲህ ቀለሙን ያስቀባችሁ፣ መልሱልኝ። ያኔ የነበሩት ራሺያን ፈርተው ተራራ ቦረቦሩ እሺ፤ እናንተ ያን ሁሉ ቤት ለሣር ትታችሁ፣ አንዲት ጭልፋ የያዘች አሮጊት ምኗን ፈርታችሁ ነው?