ሁለተኛ ከፊል

ዙበይዳ ወረቀት ትወዳለች። እኔ ነርስ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሐኪም ቤት ቅጽ ስሞላ ስለምውል ወረቀት ሳይ ያንገሸግሸኛል። በማኅበራችን ግን እሷ ሊቀመንበር፣ እኔ ጽጌ ጸሐፊ ሆነን ሦስት ዓመት ገፋን። እሷ ታዛለች፣ እኔ አጉረመርማለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ።

ዙበይዳ የከሚሴ ልጅ ናት። እዚህ ሪያድ፣ ፉጣ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ሪያድ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለቤት ሠራተኝነት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ሦስት ትልልቅ ሻንጣ ሞልታ አገሯ ገባች። የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አለበሰች፣ ወንድሟን ዳረች፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ በላ ጠጣ። በሁለተኛው ዓመት እጇ ባዶ ሆነና ተመልሳ ሪያድ መጣች። "በሻንጣ ሄድኩ፣ በሻንጣ ተመለስኩ፤ ስመለስ ሻንጣው ቀለለኝ እንጂ ሌላ ያተረፍኩት የለም" ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ እኔን ግን አንድም ቀን አስቆኝ አያውቅም።

"መነሻ" ያልነው ማኅበራችን የተወለደው ከዚያ ሻንጣ ነው። በየወሩ ያቅማችንን እናዋጣለን። አገሯ ለመግባት የቆረጠች ልጅ ሥራ የምትጀምርበትን ያለ ወለድ ትበደራለች፤ ሥራዋ ሲይዝላት ትመልሳለች፣ ገንዘቡም ለቀጣይዋ ያልፋል። ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ለሊቀመንበሯ የሚከፈላትም ሐሜት ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ካጠራቀምን በኋላ ማበደር እንጀምር ተባለና ዙበይዳ ቅጽ አስጻፈችኝ። ተበዳሪዋ መክፈል ካቃታት የሚከፍልላት አንድ ሰው መፈረም አለበት። እኔ "ዋስ" ብዬ ጻፍኩ። አስጠፋችኝ።

"ከጅማም ትምጣ ከራያ፣ ሁሉም የምታውቀው ቃል ይሁን። ከፊል በይው። በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው" አለች።

ዐረብኛዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ጻፍኩ። አንድ ሕግም አስጨመረችኝ። የማኅበሩ መሪዎች ለወዳጃቸው አደሉ እንዳይባል፣ ለማንም ተበዳሪ መፈረም አይችሉም።

እንግዲህ በአገር ቤት አማርኛ ከፊል ማለት የአንድ ነገር ገሚሱ ነው። ሪያድ ለምትኖር የቤት ሠራተኛ ግን ከፊል ገሚስ አይደለም፣ ሙሉ ነው። ቪዛዋን ያወጣላት፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማው በስሙ የሆነ፣ "ቅሪ" ሲላት የምትቀርለት አሠሪዋ ነው። ዙበይዳ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል ማለቷ እውነቷን ነበር። ጣጣውም እሱ ነበር፤ እኛ ግን አላየነውም።

ቅጹን የሚወስድ ሞላ፣ የሚመልስ ጠፋ። አንዷ "አስብበታለሁ"፣ ሌላዋ "ኢንሻአላህ" ብላ ትሄዳለች፣ በዚያው ትቀራለች። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ሰው አልተበደረም። ገንዘብ ያዣችን ፈሪሃ "ተኝቶ ከሚያረጅ ዕቁብ አድርገነው እንከፋፈል" አለች። በመጪው ዓርብ ተበዳሪ ካልተገኘ ማኅበሩ ይፍረስ ብለን ወሰንን። እኔም እጄን አውጥቻለሁ፣ አልዋሽም። ዙበይዳ ያን ቀን አጎንብሳ ወለሉ ላይ የወደቀ የጨርቅ ቁርጥራጭ ትለቅም ነበር። አንጀቴን በላችው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰበሰብን። ብርቄ የመጣችው ያኔ ነው። ሱለይማኒያ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ አራት ዓመት የሠራች የኮምቦልቻ ልጅ ናት። የመጨረሻ መውጫ ቪዛዋ ተመትቶላት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ስለ ማኅበሩ የሰማችው የማዳሟን ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ነው። ኮምቦልቻ የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ መትከል ትፈልጋለች፤ የሞተሩን ዋጋ፣ የቤቱን ኪራይ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። የዙበይዳ ፊት በራ። ቅጹን ራሷ አቀረበችላት፣ እስክሪብቶውንም ከፍታ ሰጠቻት።

ብርቄ ስሟን ጻፈች፣ የእናቷን ስልክ ጻፈች፣ ወደ ታች ወረደችና እጇ ቆመ። እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

"ምነው እህቴ?" አለቻት ዙበይዳ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ከአንድ ከፊል ልላቀቅ ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። አገሬ ድረስ የሚከተለኝ ሁለተኛ ከፊል አልፈርምም።"

"ከፊል እኮ ዋስ ማለት ነው!" ዙበይዳ ጮኸች። "የሚቆምልሽ ሰው! እዚህ ማን አሠሪ አለና?"

"ለእርስዎ ይሆናላ" አለች ብርቄ ቀስ ብላ።

ከጥግ አንዷ "እኔም ለዚሁ ነው ያልመለስኩት" አለች። ሌላዋ ደግሞ "ሱቄንም ይወስደዋል ብዬ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት" ብላ ተናዘዘች። ስምንት ወር ሙሉ ልጆቹን ስናስበረግግ የኖርነው እኛው ነን! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱም እኛ ዘንድ ነበሩ። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው፣ የዙበይዳ ፊት ግን ተለዋወጠ። ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ "ከፊል" የሚለውን ሰርዛ በላዩ ላይ "ዋስ" ብላ ጻፈች።

"ጽጌ፣ ልክ ነበርሽ" አለችኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ስለሆነች ቀኑን መዝግቤዋለሁ።

"ዋስ ከሆነማ ይሁን" አለች ብርቄ፤ ወዲያው ግን አንገቷን ደፋች። "ግን ለእኔ ማን ይፈርማል? አራት ዓመት ያለ ሾፌር ከዚያ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ሪያድ ውስጥ የማውቀው ያመጣኝን ሾፌር ነው።"

ተያየን። ማዘን ቀላል ነው፣ ለማያውቁት ሰው መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው። ፈሪሃ ሰዓቷን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጸሐፊ ስለሆንኩ መፈረም እንደማልችል ትዝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ በዚያ ደስታዬ እስካሁን አፍራለሁ።

ዙበይዳ ከወንበሯ ተነሳች። "መሪ አይፈርምም የሚል ሕግ አለን አይደል?"

"አለን፤ ያወጣሽው አንቺ ነሽ" አልኳት።

"እንግዲያው ከአሁን ጀምሮ መሪ አይደለሁም። ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፊው።"

"አበድሽ እንዴ? ወንበሩን ማን ይይዘዋል?"

"አንቺ። ለማጉረምረም ጊዜ ካለሽ ለመምራትም አለሽ። ያላ፣ ጻፊ!"

"እትዬ፣ እኔን እኮ አያውቁኝም" አለች ብርቄ፤ እንባዋ መጥቷል።

"ሻንጣሽን አውቀዋለሁ" አለች ዙበይዳ፤ ፈረመችም።

ማኅበሩ አልፈረሰም። ወረቀት የምትጠላዋ እኔ ሊቀመንበር ሆንኩ፤ ዙበይዳ ተራ አባል ሆና በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታዘኛለች። በታረመው ቅጽ ሰባት ሴቶች ተበድረዋል። ነገሩ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። መብራት እየጠፋ የብርቄ ወፍጮ ብዙ ቀን ቆሞባታል፤ አንዱን ወር ዙበይዳ ናት የከፈለችላት። ቅር ሲለኝ ጊዜ "ታዲያ ዋስ የሆንኩት ለጌጥ ነው?" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ባለፈው ሳምንት ብርቄ ብድሯን ጨረሰችና የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስፌት ቤቱ ሄጄ ለዙበይዳ ከፈትኩላት። ከብርቄ ጀርባ ወፍጮው ያጓራል፣ እሷም በላዩ ትጮኻለች።

"ጽጌዬ፣ አገር ቤት ያለ ሰው ከፊል መሆን ይችላል ወይ? እዚያ ሰው የሌላት ልጅ ከመጣች እኔ ልፈርምላት። ከፊልሽ ኮምቦልቻ አለችልሽ በያት።"

ዙበይዳ ደግሜ እንድከፍትላት አደረገችኝ። ከዚያ "ወረቀቱ ላይ ዋስ ነው የሚለው፤ አርመሽ ንገሪያት" አለችና ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች። ጨርቁን እየገፋች ብዙ ሰፋች። መርፌው ላይ ክር አልነበረም።