ለቶላ የተላከው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ሕክምና የምታጠናው የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ የአይጥ ጉበት ምስል አሳየችኝ። ግራጫው በሥጋው ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን የተነሣ ነው፤ በላዩ የተደረበው ቀዩ ከፍሎሪን። "ሥጋ ውስጥ ፍሎሪን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከውጭ ያስገባነው የት እንደደረሰ ብቻውን ይታያል" አለችኝ። ይህንኑ ነገር በደርግ ጊዜ አሰላ ውስጥ አንብቤዋለሁ።

ያኔ ገና የተመደብኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ ባልደረባዬ ቶላ ፊዚክስ ያስተምራል። ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን፣ ውጭ አገር የሚማር ጓደኛው ደብዳቤ ላከለት። በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ የሁለቱን ንጥረ ነገሮች ምስል ደርቦ ሥጋን ስለማጥናት ነው የጻፈለት። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሁለቴ አነበብነው። ቶላ ሻዩን ረስቶት "አስቢው እስቲ፣ ቢላ የለም" ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ ቤቱ ተፈተሸ። እኔም ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ።

"'ከውጭ የገባው የት እንደደረሰ በራዲዮ ይታያል።' ማነው ከውጭ የገባው?"

ቶላ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል። "ፍሎሪን ነው። ሳይንስ ነው። እሷም ታውቃለች፣ ጠይቋት" አለ።

"ጓድ መምህርት፣ ታውቂያለሽ?"

አውቃለሁ ማለት ደብዳቤውን አንብቤያለሁ ማለት ነው። "እንዲህ ያለ ትምህርት አላውቅም" አልኩ።

ቶላ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። አንዱ ጠባቂ ጉልበቱን በሰደፍ መትቶ ጣለው። ሊቀመንበሩ በለሰለሰ ድምፅ "ሂጂ፣ ክፍለ ጊዜሽ እንዳያልፍ" አለኝ። ሄጄ አስተማርኩ።

የቶላ እናት በየቅዳሜው ከጎበሳ በጭነት መኪና እስር ቤቱ ድረስ እየመጡ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የተሠራ ጭኮ ያቀብሉት ነበር። ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ጠባቂው ሳህኑን መለሰላቸውና "ከእንግዲህ አያስፈልገውም፣ አትልፊ" አላቸው። አስከሬኑንም አልሰጧቸውም።

ከዚያ በቀጥታ እኔ ቤት መጡ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወዳጁ ነሽ አሉኝ" አሉ። "ወረቀቱ ላይ ምን ክፉ ነገር ነበረበት?"

"አላየሁትም፣ እማማ" አልኳቸው።

ጭኮውን ትተውልኝ ሄዱ። በላሁት።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ልታጽናናኝ "እርስዎ ቢናገሩም አይለቁትም ነበር" አለችኝ። ራሴም ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት፤ ምናልባት እውነት ነው፤ ምንም ወረቀት ሳይገኝባቸው የተገደሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ይድናል ወይ ተብዬ አልተጠየቅኩም። የተጠየቅኩት ታውቂያለሽ ወይ ተብዬ ነው። አውቅ ነበር።