ለጎርፍ የተነፋ ጥሩምባ

በእኛ ሰፈር ዘመን የሚቆጠረው በጎርፍ ነው። አቃቂ ወንዝ ዳር ያደገን ሰው ልጅህ መቼ ተወለደ ብትሉት ዓመተ ምሕረት አይጠራም፤ «ከሶፋው ጎርፍ በፊት» ወይም «በበጉ ጎርፍ ጊዜ» ይላችኋል። የሶፋው ጎርፍ የጎረቤታችንን አዲስ ሶፋ ላስቲኩ እንኳ ሳይገፈፍ ይዞት የሄደው ነው። የበጉ ጎርፍ ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሙክት በሕይወቱ አምጥቶ ደጃችን የጣለልን። ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ፤ ተጠበቀም። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ግን የሰፈሩ ትዕግሥት አለቀ።

የሚያናድደው ዝናቡ የእኛ አለመሆኑ ነው። መሃል ከተማ ይዘንባል፣ እነሱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ይተኛሉ፣ ውኃው ከነፕላስቲክ ጠርሙሱና ከነአሮጌ ጫማው እኛ ጋ ይመጣል። ከጎርፍ በኋላ ጫማ አጥተን አናውቅም፤ ሁሌም ግን የአንድ እግር ነው። ውኃው ግድግዳ ላይ ትቶት የሚሄደው ቡናማ መስመር መኩሪያችን ነው፤ የእኛ ከእናንተ ይበልጣል እየተባባልን እንፎካከርበታለን። ብርድ ልብስ የሚታደል ቀን ደግሞ ዳገት ላይ ያሉት ሳይቀሩ ፍራሻቸውን በባልዲ ውኃ አርሰው ይሰለፋሉ።

እናቴ ይህን ሁሉ ታሪክ ያሳለፈችው ከአባቴ ጋር፣ እሱ ፋብሪካ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በሠሩት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ናት። ውኃ ሲመጣ የምታደርገው የታወቀ ነው። ጤፉን ቁም ሳጥን ላይ፣ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ፣ ራሷን አልጋው ላይ ትሰቅላለች። ከዚያ ውኃው በቃኝ ብሎ እስኪወጣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጎርፍ እዚያ ድረስ ከወጣ አገሩም አልቋል ማለት ነው። በየክረምቱ ነይ እላታለሁ፣ በየክረምቱ ያው መልስ ትሰጠኛለች።

«እድሬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

የእድሩ ደንብ ሰፈሩን ለቆ የሄደ አባል ይሰረዛል ይላል። እኔ በዚህ ነገር እበግን ነበር። ደህና ቀባሪ እንዳይቀርባት ብላ በውኃ ልትሞት ነው እንዴ? ፈርቼም ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲጥል እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከአንድ ድርጅት የመጡ ወጣቶች ለሰፈሩ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥልጠና ሰጡ። ሰፈሩን በአንዴ የሚያስነሳ ድምፅ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ሰዉ በአንድ አፍ «የእድሩ ጥሩምባ» አለ። ተጨበጨበ፣ ሻይና ቦምቦሊኖ ቀረበ፣ ተወሰነ። ወንዙ ሲሞላ ጥሩምባ ነፊው ይነፋሉ፣ ሰዉ ቤቱን ትቶ ዳገት ይወጣል። ያ ጥሩምባ ከተገዛ ጀምሮ ለሞት እንጂ ለሌላ ነገር ተነፍቶ እንደማያውቅ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እናቴን ልለምናት ሄጄ እዚያው አደርኩ። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባው ተነፋ። እናቴ ብድግ አለች።

«ወይኔ፣ ሰውዬው አረፉ» አለች። ከእኛ ከፍ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት ታመው ነበር።

«እማዬ፣ ጎርፍ ነው እኮ። ተስማምታችሁ የለም እንዴ?»

«ለጎርፍማ እንዲህ አስረዝመው አይነፉም» አለችኝ። ነጠላዋን ለልቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። ጤፉን ዞር ብላም አላየችው። ደጁ ላይ ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ደርሶ ነበር፤ ረግጣው አለፈች፣ እኔም በፒጃማዬ ተከተልኳት።

ጥሩምባ ነፊው እንደ ልማዳቸው ዳገቱ ላይ፣ የእድሩ ቤት ደጅ ቆመዋል። ሰፈሩ በሙሉ ነጠላና ጋቢውን እንደለበሰ ከቧቸዋል።

«ማን ነው?» ይላቸዋል ሰዉ።

«ማንም አልሞተም፤ ወንዙ ሞልቷል ነው የምላችሁ።»

ማን ይመናቸው? እኛ ጋ የሟች ቤተሰብ ባለበት በድንገት አይነገርም፤ ደህና አድርጎ የሚያረዳ ሽማግሌ እስኪገኝ ይሸሸጋል። ስለዚህ ሰዉ የደበቁት ከመካከላችን ሟች ያለበት ሰው ስላለ ነው ብሎ ደመደመ። እርስ በርስ በሐዘኔታ መተያየት ጀመርን። ልጇ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ አንዲት ሴትዮ ገና ማንም ምንም ሳይላት ደረቷን ትመታ ጀመር። በዚህ መሃል ታመው የነበሩት አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ መንገዱን ሙሉ ያለቀሰችው ለእሳቸው ስለነበር ደስ ከመሰኘቷ በፊት ቅር አላት። «በዚህ ብርድ ማን ውጡ አልዎት?» ብላ ተቆጣቻቸው።

ያን ጊዜ ከታች የሆነ ነገር ሲደረመስ ተሰማ። የእኛ ቤት ግድግዳ ነበር፣ በወንዙ በኩል ያለው። የወደቀው እናቴ ወጥታ በምትቀመጥበት አልጋ ላይ ነው።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ጎርፍ ነው ብላ አምናኝ ቢሆን ኖሮ ጤፏን ስትሰቅል እዚያው ትቀር ነበር። ለውኃ ብላ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም፤ የወጣችው ለሰው ሞት ነው። አሠልጣኞቹ በሳምንቱ መጡና አንድም ሰው አለመጎዳቱን ሰምተው ሥርዓቱ በሚገባ ሠርቷል አሉ። ከጥሩምባ ነፊው ጋር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

እናቴን ኮዬ ፈጬ አመጣኋት። በረንዳ ላይ እየተቀመጠች ክረምቱን አሳለፈች። እኔም በመጨረሻ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ፊት ለፊታችን ያለውን በር አይታ «የዚህ ቤት ሰው ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

መስከረም ላይ እድርተኞቹ ግድግዳውን መልሰው አቆሙላት። በማግስቱ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ደረስኩባት። የቆየ ንዴቴ ገነፈለ።

«አሁንም ቀባሪ እንዳታጪ ነው? ያ ግድግዳ ሊገድልሽ ነበር እኮ!»

ሻንጣውን ትታ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«ለራሴ መሰለሽ? እኔማ የትም ብሞት ይሰማሉ፣ ይመጣሉ። ስንቱን አብሬያቸው ቀብሬያለሁ» አለች። «አንቺ እድሩ ውስጥ ያለሽው በእኔ ስም ነው። ባል የለሽ፣ ወንድም የለሽ፣ የጎረቤትሽን ስም አታውቂ። እኔ ከተሰረዝኩ አንቺ ጋ ማን ይመጣል?»

ሻንጣዋን ተሸክሜ አራቱንም ፎቅ ከኋላዋ ወረድኩ።