የክንዱ የክርስትና ስም

እማዋይሽ ፍኖተ ሰላም ገበያው መግቢያ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮ በረንዳ ስር፣ በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ ትሰፋለች። እኔ ከጎኗ ክርና ቁልፍ ስለምሸጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ተቀምጠናል። ቀጭን ናት፤ መርፌዎቿን ነጠላዋ ጥለት ላይ ትሰካለች። አጠገቧ ባትሪው እንዳይወድቅ በላስቲክ የታሰረ ራዲዮ አለ። አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። የእሷ ሰው ማሲንቆ ተጫዋቹ ክንዱ ነበር።

ዘመዷ አይደለም። ገና ስሙ ሳይታወቅ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከደጋ ዳሞት ወርዶ እዚሁ በረንዳ ላይ ሲዘፍን የኮቱ እጅጌ ተቀደደ። ሰፋችለት፤ ዋጋም አልተቀበለች። “ስምሽ ማነው?” አላት። ነገረችው። ስሟን በዜማ እያዟዟረ ሲያሞግሳት ገበያተኛው ከበባቸው። ከዚያ አዲስ አበባ ገባ፣ ታወቀ፣ አልተመለሰም። እሷ ግን ዘፈኑ በራዲዮ በመጣ ቁጥር መኪናዋን ታቆማለች፤ ደንበኛ ይጠብቃል።

ባለፈው ዓመት ፍልሰታ እንደ ተፈታ፣ ክንዱ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል መግባቱን ራዲዮው ተናገረ። ያን ቀን የአንዱን ገበሬ ሱሪ እግሩን ዘግታ ሰፋችው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ወሬ መጠየቅ ሆነ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ከባሕር ዳር የሚመጡትን ሾፌሮች፣ ሲመጣ ደግሞ ጎረቤታችንን መምህርት ትሕትናን ትይዛለች። አንዱ ሞተ ይላል፣ አንዱ ተሻለው ይላል። የባጃጅ ልጆች ይቀልዱባታል።

“እማዋይሽ፣ ባልሽ እንዴት አደረ?”

“አንተ ባለ ሦስት እግር፣ አራተኛህን ፈልግ!”

እነሱ ይስቃሉ። እሷ ወዲያው ወደ ራዲዮው ትዞራለች።

በመስከረም ማርያም ስሙ በጸሎት እንዲጠራ ብላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። ስም የሚጽፈው ዲያቆን ከወረቀቱ ቀና ሳይል “ለሕያው ነው ለሙት?” አለ።

“ለሕያው!” አለች፤ ጮኸች ማለት ይቻላል።

“የክርስትና ስሙ?”

“ክንዱ ነው።”

“እሱማ የዓለም ስሙ ነው። በማን ስም ተጠመቀ?”

ስለ ክንዱ ያላወቀችው አልነበረም፤ የተወለደበትን ቀዬ፣ የእናቱን ሞት፣ የትኛውን ዘፈን በየትኛው ዓመት እንዳወጣ። ይህን ግን አታውቅም። ስትመለስ መንገድ ላይ ቆመች።

“እትዬ አየለች፣ እሱ ስሜን ጠየቀኝ። እኔ ምን ነክቶኝ ነው ያልጠየቅሁት?”

የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር የክንዱ አገር ፈረስ ቤት ሄዳ መጠየቅ አልቻለችም። ከዚያ ድንች በአህያ ጭኖ በአቋራጭ የሚወርደውን ገብረሰንበትን ላከችው። ግዙፍ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት አይሆንለትም። በመጀመሪያው ገበያ “የሚያውቅ አላገኘሁም” አላት። በሁለተኛው “የሚያውቁት አሮጊት ለቅሶ ሄደዋል” አለ። በሦስተኛው የአህያውን ጭነት እየፈታ፣ ሳያያት፣ “ኃይለ ሚካኤል ነው” አላት።

እጁን ሳመችው። አርባ ቀን ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል፣ ኃይለ ሚካኤልን አስጠራች። መካከል ላይ ራዲዮው “ተሽሎታል” ሲል ለባጃጆቹ ልጆች ሁሉ ዳቦ አበላቻቸው።

በታኅሣሥ ሞተ።

ቀብሩ በራዲዮ ተላለፈ። የሕይወት ታሪኩን የሚያነበው ሰው “በክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ” ሲል እግሯን ከመርገጫው አነሣች።

“ማን አለ?”

“ወልደ ጻድቅ” አልኋት።

“ተሳስተዋል።”

ቀጥሎ ካህናቱ በዜማ ጠሩት፤ ወልደ ጻድቅ። ራዲዮውን አልዘጋችውም። ባትሪው እስኪያልቅ ሲያወራ ዋለ።

በገበያው ቀን ገብረሰንበት መጣና ፊቷ ቆመ። ሰምቷል።

“ሰው አጣሁ” አለ። “ሦስተኛ ጊዜ ባዶ አፌን ልመጣብሽ አፈርሁ። የራሴን ነው የሰጠሁሽ።”

“ኃይለ ሚካኤል አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።” ማልቀስ ጀመረ። “ወገቤን ያመኝ ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ሽሮኛል። እግዜርን፣ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።”

እማዋይሽ የደንበኛውን በርጩማ ጎትታ ሰጠችው።

“ተቀመጥ፤ ወገብህ ይነሣብሃል።”

ብትሰድበው ለእኔ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባቷ ሊያጽናኗት “ልጄ፣ እግዚአብሔር ማንን እንዳሰብሽ ያውቃል” አሏት።

“አባ፣ የሚያውቅ ከሆነ ስሙን ለምን ጠየቃችሁኝ?”

አባ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።

ለአርባው ስሙን ልታስጽፍ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። ያው ዲያቆን ነበር።

“ወልደ ጻድቅ” አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ስሙ ስትጠራው ነው።

ዲያቆኑ ቀና ሳይል “ለሕያው ነው ለሙት?” አለ።

እማዋይሽ ጥለቷ ላይ ያሉትን መርፌዎች በጣቷ እየዳበሰች ቆመች። ከኋላችን ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ያን ቀን ግን የመለስሁለት እኔ ነኝ።